የተከማቸ ደብዳቤን ስለ መፈለግ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከኮምፒውተር ክበብ አባላት አንዱ የሆነ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያደረገው ንግግር)



ክበባችን በዚህ በዓል ላይ ስለ ሥራው እንዲናገር በታዘዘ ጊዜ ጓደኞቼ ስለ ታላላቅ ነገር፥ ስለ ጠፈርም ሆነ ስለ ሰው ሠራሽ አእምሮ እንድናገር መክረውኝ ነበር። እኔ ግን ስለ አንድ የመዝገብ ቤት ሥራ መናገር መርጫለሁ። ምክንያቱን ወዲያው እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ጥር አንዲት ወይዘሮ ወደ በዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ መጥተው ነበር። አባታቸው የዚህ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪ ሲሆኑ በውጭ አገር ሳሉ ለቤተ መጻሕፍታችን ብዙ መጻሕፍት ልከው ነበር፤ ዛሬ በሕይወት የሉም። ወይዘሮዋ የጠየቁት ምስጋና አይደለም፤ «አባቴ ለትምህርት ቤቱ የጻፉትን ደብዳቤ አንድ ቅጂ ስጡኝ» ብቻ ነው ያሉት። የኮሚቴው ጸሐፊ የሆኑት መምህራችን ደብዳቤው በኢሜይል እንደ መጣ፥ መልስም እንደ ሰጡበት ያስታውሳሉ። ነገር ግን በስልካቸው ቢፈልጉ፥ ቢፈልጉ አጡት። የሰባት ዓመት ደብዳቤ ከማስታወቂያውና ከስብሰባ ጥሪው ጋር፥ እንደ እህል ከነገለባው ተከምሮ ነበርና።

በመሥሪያ ቤት የሠራችሁ ወላጆች የገቢና የወጪ ደብዳቤ መዝገብ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቁጥሩ፥ ቀኑ፥ የላኪው ስምና ጉዳዩ በተራ ይጻፍበታል። ኢሜይል ሲመጣ ደብዳቤው በዛ እንጂ አልቀረም፤ የቀረው መዝገቡን የሚይዘው ሰው ነው። እኛም ያደረግነው ይህንኑ መዝገብ በኮምፒውተር ማቋቋም ነው።

ሥራው የሚሠራው በተርሚናል ነው። ተርሚናል ማለት ሥዕልና አዝራር የሌለው፥ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት ነው። ብዙዎቻችሁ ያን ጥቁር መስኮት ስታዩ ትሸሻላችሁ፤ እኔም ሸሽቼ ነበር። መጀመሪያ ኤምቢሲንክ በሚባል ፕሮግራም ደብዳቤዎቹን ሁሉ ከኢሜይል ሰጪው ድርጅት ኮምፒውተር ወደ ራሳችን አወረድን። ይህ ፕሮግራም እንደ ልማዱ ሁለቱን ወገን የሚያመሳስል ስለሆነ፥ እኛ እዚህ ስንሳሳት እዚያ ያለውም እንዳይበላሽ «ሲንክ ፑል» ብለን እንዲያወርድ ብቻ አዘዝነው። ደብዳቤዎቹ የተቀመጡት ሜይልዲር በሚባለው ሥርዓት ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ ደብዳቤ ለብቻው አንድ ፋይል የሚሆንበት ነው።

ከዚያ በኋላ ኖትማች የሚባለው ፕሮግራም ይመጣል። ይህን ካርል ዎርዝ የተባለ ሰው በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሆን ዋጋ አይከፈልበትም። «ኖትማች ሴትአፕ» ብላችሁ በላቲን ፊደል ስትጽፉለት ስማችሁን፥ አድራሻችሁንና ደብዳቤዎቹ ያሉበትን ቦታ ይጠይቃችኋል። «ኖትማች ኒው» ስትሉት ደግሞ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ አንብቦ፥ ዛፒያን በሚባለው የፍለጋ መሣሪያ አማካይነት ዳታቤዝ ያዘጋጃል። ይህም ዳታቤዝ በመጽሐፍ መጨረሻ እንደሚገኘው የቃላት ማውጫ ነው፤ ቃሉ በየትኞቹ ደብዳቤዎች እንደሚገኝ አስቀድሞ ስለ ተመዘገበ ሲጠየቅ ክምሩን እንደ ገና አያገላብጥም። የደብዳቤውንም ጽሑፍ አይነካም። ዳታቤዙ ቢጠፋ እንኳ እንደ ገና ማሠራት ይቻላል፤ በየደብዳቤው ላይ ያደረጋችሁት የራሳችሁ ምልክት ግን አብሮ ስለሚጠፋ እሱን «ኖትማች ደምፕ» ብሎ በየጊዜው መገልበጥ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ፈጸምን። «ኖትማች ሰርች» ብለን «መጽሐፍ» የሚለውን ቃል ሰጠነው። ብዙ ደብዳቤ ወጣ፤ የምንፈልገው ግን አልነበረበትም። በላኪው ስም ፈለግን፤ እሱም የለም።

እዚህ ላይ ነው ትምህርቱ የጀመረው። ይህ መሣሪያ የእንግሊዝኛን ቃል ቅጥያውን አውልቆ ማየት ያውቃል፤ ያማርኛን ግን አያውቅም። ለእርሱ «መጽሐፍ» እና «የመጽሐፍ» ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። በቃሉ መጨረሻ ኮከብ ብናደርግ ከዚያ የሚቀጥለውን ሁሉ ይቀበላል፤ ነገር ግን በፊደላችን «ፍ» ወደ «ፉ» ወይም ወደ «ፎ» ሲለወጥ ሌላ ፊደል ስለሚሆን፥ ኮከቡ ከመጨረሻው ፊደል በፊት መግባት አለበት። «መጽሐ» ብለን ኮከብ ስናደርግ መጽሐፉም መጽሐፎቹም ይገኛሉ። (ተርሚናሉ ኮከቡን ለራሱ ጉዳይ እንዳይወስደው ሁሉንም በጥቅስ ምልክት ውስጥ አድርጉት።)

የባሰው ደግሞ አጻጻፉ ነው። በ«ጸ» የሚጽፍ አለ፥ በ«ፀ» የሚጽፍ አለ፤ ከዚያም ሐመሩ «ሐ»፥ ሃሌታው «ሀ»፥ «ሃ»፥ ብዙኃኑ «ኀ» ይከተላሉ። በኮምፒውተር ውስጥ እነዚህ ሁሉ የተለያየ ቁጥር ያላቸው ፊደላት ናቸው። ሁለት በአራት ስምንት አጻጻፍ፤ ባዶውን፥ የ፥ በ፥ ለ እና ከ የተጨመሩባቸውን ስንቆጥር ስምንት በአምስት አርባ። አርባውን በእጅ መጻፍ ስለሚያሰለች አንዲት የ10ኛ ክፍል እኅታችን ትንሽ ፕሮግራም ጻፈች፤ አንድ ቃል ሲሰጧት አጻጻፉን ሁሉ አውጥታ፥ በ«ኦር» አያይዛ ለኖትማች ታቀርባለች።

ቀኑም አስቸግሮን ነበር። መምህራችን «በ2013 ዓ.ም. ይመስለኛል» ብለውናል፤ ኮምፒውተሩ ግን የእኛን ዘመን አቆጣጠር ስለማያውቅ ከ2020 ሴፕቴምበር 11 እስከ 2021 ሴፕቴምበር 10 ብለን ጠየቅነው።

ደብዳቤው ወጣ! ሰውየው የጻፉት በሚሠሩበት መሥሪያ ቤት የጋራ አድራሻ ነበር፤ ከግርጌውም ስማቸውን አሳጥረው ሁለት ፊደል ብቻ አስቀምጠዋል። በውስጡም «የመፅሃፍቱን ዝርዝር» ይላል። መምህራችን በስልካቸው የፈለጉት አጥርተው በሚያውቁት አጻጻፍ ነበር፤ ደብዳቤውን የሸሸገባቸውም እሱው ነው። እሳቸው ራሳቸው ይህን ሲሰሙ ስቀዋል።

ለወላጆችና ለመምህራን አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ በኢሜይል ስትልኩ፥ ይህ መሣሪያ የፋይሉን ስም እንጂ በፎቶግራፉ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ አያነብም። ስለዚህ ጉዳዩን በሁለት መስመር በጽሑፍ አስቀምጡበት። እንዲሁም የሰው ደብዳቤ የሰው ምስጢር ነው። እኛ የሠራነው በኮሚቴው ፈቃድ፥ መምህራችን አጠገባችን ተቀምጠው ነው፤ የኮምፒውተሩም ዲስክ በይለፍ ቃል ተመስጥሯል።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልመለስ። ወይዘሮዋ ቅጂውን ሲቀበሉ ቆመው አነበቡት፤ ከዚያም አንዱን ዐረፍተ ነገር ለእኛ ጮክ ብለው አነበቡልን። አባታቸው የጠየቁት መጻሕፍቱ በቁም ሣጥን እንዳይቆለፍባቸውና ተማሪዎች ወደ ቤት እየወሰዱ እንዲያነቡአቸው ነበር። መጻሕፍቱ ግን እንዳይጠፉ ተብሎ ከመጡበት ቀን ጀምሮ በቁም ሣጥን ተቆልፈው ኖረዋል፤ ይህን ጥያቄ የሚያስታውስ ሰው አልነበረምና። በማግስቱ ርእሰ መምህራችን ቁልፉን አስመጡ። እኔ የወሰድሁት የሒሳብ መጽሐፍ ነው፤ ዐርብ እመልሰዋለሁ።