ሕመምን የሚያስደብቀው ምንድን ነው?

በወረርሽኝ ወቅት በሥራ ቦታ የደህንነት ባህልን ስለመገንባት የቀረበ ንግግር



አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ምሳሌው ታማሚውን ይመክራል። በወረርሽኝ ጊዜ ግን አንድ ጥያቄ ሊታከልበት ይገባል፦ ሰው ሕመሙን እንዲደብቅ የሚያስገድደው ምንድን ነው?

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ በር የእጅ መታጠቢያ ተተክሎ ነበር፤ የሰውነት ሙቀት ይለካ ነበር፤ «ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ» የሚል ማሳሰቢያም ተለጥፎ ነበር። ሁሉም ተገቢ ነበሩ። መመሪያው ሲጣስ ግን ጣት ይቀሰር የነበረው ብዙውን ጊዜ በሠራተኛው ቸልተኝነት ላይ ነበር። የሥርዓት አስተሳሰብ ከግለሰቡ አልፎ ግለሰቡ የሚሠራበትን ሁኔታ በሙሉ ይመረምራል።

ለአብነት ያህል አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ትታሰብ። ማለዳ ትኩሳትና ሳል ተሰምቷታል። ብትቀር፣ ከሥራ ላልቀሩ የሚሰጠው ወርኃዊ ማበረታቻ ይቀርባታል፤ የቡድኗ የዕለት ምርት ይጎድላል፤ የቅርብ ኃላፊዋም ይቆጣል። ስለዚህ የትኩሳት ማስታገሻ ውጣ፣ በተጨናነቀ ሰርቪስ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ማስታገሻው ትኩሳቷን ስላበረደው በሩ ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ ያሳልፋታል። ከቀናት በኋላ በአጠገቧ የሚሰፉ ሰዎች ይታመማሉ። የሰው ኃይል ሲጓደል በቀሩት ላይ ጫናው ይበረታል፤ ጫናው ሲበረታ ሕመሙን የሚደብቀው ይበዛል። ይህ ራሱን በራሱ የሚያጠናክር ዑደት ነው። ሠራተኛዋን መቅጣት ዑደቱን አይሰብረውም፤ ቀጣዩ ታማሚ ይበልጥ ተጠንቅቆ እንዲሸሽግ ያስተምረዋል እንጂ።

ዑደቱን ለመስበር ከሁሉ አስቀድሞ ክፍያን ማየት ያስፈልጋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም የሕመም ፈቃድ ያገኛል፤ የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ ደመወዝ ነው። ሕጉ የሰጠውን መብት የማበረታቻው ደንብ መልሶ የሚነጥቅ ከሆነ፣ ሠራተኛው የሚታዘዘው ለማበረታቻው ነው። ስለሆነም በወረርሽኝ ወቅት በሕመም የቀረ ሰው ማበረታቻውን ሊያጣ አይገባም። የሚውልበትን ብቻ የሚከፈለው የቀን ሠራተኛም ሊታሰብለት ይገባል፤ «ታመህ አትምጣ» የሚለው ምክር ለእርሱ «ሳትበላ እደር» ማለት ሊሆን ይችላልና።

ቀጥሎ የሚታየው የሥራ ቦታው አደረጃጀት ነው። በሙያ ደህንነት አሠራር መሠረት አደጋውን ከምንጩ ማራቅ ይቀድማል፤ የግል መከላከያ ደግሞ የመጨረሻው አጥር ነው። ጭምብል አስፈላጊ ቢሆንም የተዘጋውን መስኮት፣ የተጨናነቀውን ሰርቪስና ሁሉም በአንድ ሰዓት የሚመገብበትን አዳራሽ አይተካም። መስኮት መክፈት፣ ፈረቃን ማራራቅ፣ የምሳ ሰዓትን መከፋፈልና የሰርቪሱን ተሳፋሪ መቀነስ በአንድ ሰው ጥንቃቄ ላይ ብቻ ያልተንጠለጠሉ መከላከያዎች ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው እምነት ነው። በጥዋቱ ስብሰባ «አሞኛል» ያለው የመጀመሪያው ሠራተኛ የሚያገኘውን ምላሽ ሌሎቹ በጥሞና ይከታተላሉ። ኃላፊው አመስግኖ ወደ ሕክምና ከላከው ነገ ሌላው ይናገራል፤ ከገላመጠው ሁሉም ዝም ይላል። ስለዚህ «በዚህ ወር አንድም የታመመ የለም» የሚል ሪፖርት ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም፤ ጤና ሊሆን ይችላል፣ ፍርሃትም ሊሆን ይችላል። አዲስ አሠራር በተጀመረ ሰሞን የሚነገረው ሕመም ቢበዛ፣ ሰዎች መናገር መጀመራቸውን ሊያመለክት ስለሚችል ኃላፊዎች ሊደነግጡ አይገባም።

እንግዲህ አሠሪው ማበረታቻውንና የሕመም ፈቃዱን ያስታርቅ። የቅርብ ኃላፊው ከመቆጣቱ በፊት «ምን አስገደደህ? ምን አስገደደሽ?» ብሎ ይጠይቅ። የሙያ ደህንነትና ጤንነት ኮሚቴው ሰርቪሱንና የምግብ አዳራሹን በአካል ተገኝቶ ይመልከት። ሠራተኛውም ምልክት ሲሰማው ከቤቱ ሳይወጣ ያሳውቅ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት ከሌለው፣ በሽታን የሚያስደብቅ የሥራ ቦታም ደህንነት አይኖረውም።