የተለወጠ ደንብና ያልተለወጠ እጅ



ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ጉዳይ ይልቁንም ከአዲስ አበባ ተነሥተው፥ በደብረ ማርቆስ አድርገው፥ በእንጅባራና በዳንግላ በኩል ወደ ባሕር ዳር ለሚመላለሱ ነጂዎች ነው፤ ይሁን እንጂ እግረኛውም ቢሰማው ይጠቀምበታል።

ባገራችን ከወጡት የመንገድ ደንቦች ሁሉ የነጂውን እጅ አብልጦ የፈተነው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. የጸናው ለውጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እስከዚያ ቀን ድረስ በኢትዮጵያ መኪና የሚነዳው በመንገዱ ግራ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በቀኝ ሆነ። ስዊድን ይህንኑ ለውጥ ያደረገችው ከእኛ በኋላ፥ ነሐሴ 28 ቀን 1959 ዓ.ም. ነው። ትእዛዙ ባንድ ቃል ተነግሮ የሚያልቅ ነው፤ ፍጻሜው ግን ከባድ ነው። ብዙ ዘመን በግራ የነዳ ሰው ድንገት ከፊቱ መኪና ቢመጣበት፥ አእምሮው ደንቡን ሳያስታውስ እጁ ወደ ለመደው ወገን መጠምዘዙ አይቀርም። እግረኛውም እንዲሁ ነው፤ መንገድ ሲያቋርጥ አስቀድሞ ወደ ቀኝ ማየት የለመደ ዓይን፥ ከዚያን ቀን ወዲህ አስቀድሞ ወደ ግራ ማየትን መማር ነበረበት።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው፥ ደንብ ባንድ ቀን ሲለወጥ ልማድ ግን በብዙ ቀን የሚለወጥ መሆኑን ነው። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208ን አወጣ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በደንብ ቁጥር 395 ተሻሻለ። የደኅንነት ቀበቶ ማሰርና እየነዱ የእጅ ስልክ አለመያዝ ከታዘዙ ዓመታት አልፈዋል። ነገር ግን ስልኩ ሲጮኽ የስንቱ ነጂ እጅ ነው ሳይታዘዝ የሚቀረው? ያልተለወጠ እጅ የምለው ይህንን ነው።

እንጅባራ ደጋ ናት። በክረምት ዝናቡ መንገዱን ያሙለጨልጨዋል፥ ጉሙም ዓይን ይይዛል። ወደ ቻግኒ የሚወስደውም መንገድ የሚገነጠለው ከዚያው ነው። በገበያ ቀን ጋሪው፥ የተጫነው አህያ፥ ከብቱና ሕፃኑ ከመኪናው ጋር ባንድ አስፋልት ይጋፋሉ። አዊ ደግሞ የፈረስ አገር ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞች በእንጅባራ ተሰብስበው በዓላቸውን ያከብራሉ። ፈረስ ግን ገደል ሲያይ ጌታው ባያዘውም ይቆማል፤ የራሱ ዓይን አለውና። መኪና ከነጂው ዓይን በቀር ሌላ ዓይን የለውም።

ስለ ፍጥነትም ጥቂት ሒሳብ እንመልከት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ባንዲት ሰኮንድ ከ16 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ በሰዓት 100 የሚሄደው ወደ 28 ሜትር ይጠጋል። ነጂው አይቶ፥ ደንግጦ፥ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ ይህች ሰኮንድ አልፋለች። ፍጥነቱም እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው የሚሄድበት ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። መንገዱ ርጥብ ሲሆንማ ከዚህም ይበልጣል።

ስለዚህ ነጂ ሆይ፥ ደንቡን መንጃ ፈቃድ ባወጣህበት ዘመን እንደ ነበረ አድርገህ አትያዘው፤ ምን እንደ ተለወጠ በየጊዜው ጠይቅ። ሞተር ከማስነሣትህ በፊት ቀበቶህን እሰር፥ ስልክህን ዝጋ። ከብትና ፈረስ ባየህ ጊዜ ቀድመህ ቀዝቅዝ፤ ከጐኑ ደርሰህ ጥሩንባ አትንፋ። አንተም እግረኛ፥ ከከተማ ውጭ ስትሄድ የሚመጣብህን መኪና ፊት ለፊት ታይ ዘንድ የመንገዱን ግራ ጠርዝ ይዘህ ተጓዝ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። የፈሰሰው እህል ከሆነ ይለቀማል፤ በአስፋልት ላይ የፈሰሰ የሰው ደም ግን የሚለቅመው የለም።

በሌላ ጊዜ እስክንገናኝ፥ በደኅና ግቡ።