በሁለት ጎማ የሚቆም ተላላኪ

የምህንድስና ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው ጥቅል የሚያደርስ ሮቦት ሲነድፉ፣ በሁለት ጎማ ብቻ ሚዛኑን ጠብቆ የሚቆመውን መምረጣቸው ለብዙዎች በገዛ እጅ ጣጣ ማምጣት ይመስላል። ተቃውሞው መሠረት አለው፤ ስታርሺፕ የተባለው ኩባንያ በእግረኛ መንገድ የሚያሰማራቸው ሮቦቶች ስድስት ጎማ አላቸው፣ ባትሪ ቢያልቅባቸው ባሉበት ይቆማሉ እንጂ አይደፉም። ለገበያ ከሆነ እኔም ስድስቱን እመርጣለሁ። ለትምህርት ግን ሁለቱ ይበልጣሉ፤ ስሕተትን አይሸፍኑማ።

ባለሁለት ጎማው ወደፊት ለመሄድ መጀመሪያ ጎማዎቹን ለቅጽበት ወደ ኋላ ያንከባልላል፤ አካሉ ወደፊት ሲያዘነብል ጎማዎቹ ይከተሉታል። ዝንባሌውን የሚለካው ጋይሮስኮፕ ፈጣን ቢሆንም ጥቃቅን ስሕተቱ ይጠራቀማል፤ ሌላው የዝንባሌ መለኪያ፣ አክስለሮሜትሩ፣ ስሕተት አያጠራቅምም፣ ግን በየንዝረቱ ይደናገራል። ስለዚህ የሁለቱን ንባብ ማዋሐድ ግድ ነው። ትልቁ ፈተና ጥቅሉ ነው። ባዶውን ጸጥ ብሎ የቆመ ሮቦት፣ ካርቶኑ ከመሃል ትንሽ ወደፊት ከተቀመጠበት፣ ቀጥ ልበል ሲል ወደዚያው መንሸራተት ይጀምራል። መፍትሔው ቀጥ ማለት ሳይሆን፣ የጎማውን ፍጥነት እያነበቡ ጥቂት ወደ ኋላ ማዘንበል ነው።

"ይህንማ ባለሁለት ጎማው የሰው ማጓጓዣ ሴግዌይ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈትቶታል" የሚል አይጠፋም። ሴግዌይ ላይ የሚቆመው ግን ሰው ነው፤ ሰው ሚዛኑን ራሱ ያስተካክላል፣ ካርቶን አያስተካክልም። እናም ፈታኞች ሮቦቱን ባዶውን አይተው ባያጨበጭቡ፣ ይልቁንም ካርቶኑን ራሳቸው አጣመው ቢጭኑበት ጥሩ ነው።