ቀለቡ የልጁ ነው
እሷ፦ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ፍቺ ሲወሰን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩና ቀለባቸው ስንት እንደሚሆን ፍርድ ቤቱ አብሮ እንዲወስን ያዛል።

እሱ፦ ስንት ይሆናል? ሁሉም የሚጠይቀን ይህንን ነው።

እሷ፦ ቁርጥ ያለ መቶኛ የለም። ዳኛው የልጁን ፍላጎትና የከፋዩን አቅም ያመዛዝናል፤ ከምግቡ ሌላ መጠለያው፣ ልብሱ፣ ሕክምናውና ትምህርቱም ይታያል።

እሱ፦ ደመወዝተኛ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ቆርጦ እንዲከፍል ሊታዘዝ ይችላል። እኔን የሚያስጨንቀኝ የደላላው፣ የነጋዴው፣ የሹፌሩ ገቢ ነው። ወረቀት ላይ የለም! እናትየው ምስክር ፍለጋ ስትንከራተት የትምህርት ቤቱ ክፍያ አይጠብቃትም።

እሷ፦ ኑሮውም አይጠብቃትም። ከዓመታት በፊት የተቆረጠ ብር ዛሬ ምን ይገዛል? ሁኔታ ሲለወጥ ቀለቡ እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል፤ እናቶች ይህን ይወቁልኝ። ሥራ ያጣ አባትም ዝም ብሎ ከሚያቋርጥ ያመልክት።

እሱ፦ «ልጄን ካላሳየችኝ አልከፍልም» የሚሉትስ?

እሷ፦ ይህን ፈጽሞ አልቀበልም። ልጁን እንዳያይ ከተከለከለ ለፍርድ ቤት አቤት ይበል እንጂ የልጁን ምሳ መያዣ አያድርግ። እናትም ብትሆን ቀለቡ ዘገየ ብላ ልጁን ከአባቱ መደበቅ የለባትም።

እሱ፦ ተፈርዶስ ካልከፈለ?

እሷ፦ ሳትውል ሳታድር የአፈጻጸም መዝገብ ታስከፍት። ክፍያውም በባንክ ይሁን፤ ለሁለቱም ማስረጃ ይሆናቸዋል።