የእግዚአብሔር ምሪት በምን ይታወቃል?



ማታ ማታ ፊደል ከምናስቆጥራቸው እናቶች አንዷ በቀደም «ልጆቼ፣ ሀ እና ሐን መለየቱንስ ለየሁ፤ የእግዜርን ፈቃድ በምን ልለየው?» አሉን። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኛ ግን መልስ አጣን።

እኒህ እናት የጠየቁት ለጨዋታ አልነበረም። ልጃቸው በዓባይ በኩል ወደ ቆላው ለአጨዳ ወርዶ ታሞ ተመልሷል። ያተኩሰዋል፣ ደግሞ ያንቀጠቅጠዋል። አንዱ ጎረቤት «ኮከቡን አስቆጥሪለት» ይላል። ሌላው «ጠበል ብቻ ይበቃዋል» ይላል። ሦስተኛው «ወባ ይሆናልና ጤና ጣቢያ ውሰጂው» ይላል። ሦስቱም እግዚአብሔርን ጠርተው ነው የሚናገሩት። ታዲያ ምሪቱ የትኛው ነው?

ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናት። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት ሐዲስ አለማየሁ ቅኔ ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ ይህችው ናት። በየኔታ አገር ቆመን ስለ ሃይማኖት መናገር ድፍረት እንዳይሆንብን ፈርተናል። ስለዚህ ቦታው በስሙ ከተጠራለት ነቢይ እንነሣ።

ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ የበኣልን ነቢያት ካሳፈረ በኋላ ኤልዛቤል ልትገድለው ዛተች። ፈርቶ ሸሸ። በረሃ ገብቶ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠና ሞቱን ለመነ። (ነቢይ ተስፋ አይቆርጥም የሚል ሰው ይህን ምዕራፍ አላነበበም ማለት ነው፤ መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ነው።) መልአኩ መጥቶ በመጀመሪያ ምን አደረገ? አልገሠጸውም፤ ምሥጢርም አልነገረውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ። ዳግመኛም ቀስቅሶ አበላው፤ መንገዱ ሩቅ ነበርና። ከዚያ በኋላ 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ደረሰ። በኮሬብም ዐለት የሚሰነጥቅ ነፋስ መጣ፤ የምድር መናወጥ መጣ፤ እሳት መጣ። እግዚአብሔር በሦስቱም ውስጥ አልነበረም። በመጨረሻ ዝግ ያለ ድምፅ ተሰማ። ኤልያስ ፊቱን በመጎናጸፊያው የሸፈነው ያን ጊዜ ነው። ድምፁም መጀመሪያ ጠየቀው፤ ቀጥሎ ሥራ ሰጥቶ በመጣበት መንገድ መለሰው።

እኛን የገረመን እንጎቻው ነው። ምሪቱ የጀመረው ከምግብና ከእንቅልፍ ነው እኮ! የደከመና የራበው ሰው የሚሰማውን ድምፅ ሁሉ ከላይ የመጣ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ኮከቡ እንመለስ። ዐውደ ነገሥት በሚባለው መጽሐፍ የሰውየውና የእናቱ ስም በፊደል ቁጥር ይሰላል፤ ድምሩም በ12 ይገደፋል። የቀረው ቁጥር ኮከቡ ነው ይባላል። እንግዲህ ስማቸውም የእናታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ልጆች ቢኖሩ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ለምን ጤነኛ ሆነ? ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ ራሱ ደምሮ ሊያየው ይችላል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 ጥንቆላና ሟርት መከልከላቸውን ደግሞ ካህናቱ ያውቁታል።

«ሐዋርያትስ ዕጣ ጥለው የለም ወይ?» ያሉን አባት ነበሩ። እውነት ነው፤ ማትያስ በዕጣ ተመርጧል። በግብፅም በ2005 ዓ.ም. ዓይኑ የተሸፈነ ሕፃን ባወጣው ዕጣ አቡነ ታዋድሮስ ፓትርያርክ ሆነዋል። ግን ዕጣው የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሰዎቹ አስቀድመው ተመርምረዋል፤ ጸሎትም ተደርጓል። ኮከብ ቆጣሪው ግን ከመመርመር ይጀምራል ወይ?

ጠበልና ሕክምና የተጣሉ የሚመስለን ደግሞ ብዙዎች ነን። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን እናንብብ። የታመመ ሰው ወደ እግዚአብሔር ይጸልይ፣ ንስሐም ይግባ ይላል፤ ወዲያውም ለሐኪሙ ቦታ ስጠው፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። አንዱ ሌላውን አላባረረውም። የቆሎ ተማሪውንም እዩት። ዛሬ የትኛው ቤት ቁራሽ እንደሚሰጠው አያውቅም። ቢሆንም ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ፣ ውሻውን በዱላ እየተከላከለ ይወጣል። በእግዚአብሔር ስለታመነ ጎጆው ውስጥ ተኝቶ አልቀረም።

እኒያ እናት የነፍስ አባታቸውን ጠየቁ። እሳቸውም «ጠበሉን አጠጪው፤ ሳትውዪ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ውሰጂው» አሏቸው። ከጣቱ ደም ተወስዶ ሲታይ ወባ ሆኖ ተገኘ። ወባ ቶሎ ካልታከመ ይገድላል።

«ልጁ ባይድን ኖሮስ ምሪቱ ሐሰት ነበር ልትሉ ነው?» ብሎ አንድ ጎረምሳ ተከራከረን። አንልም። ኤልያስ እንዲመለስ ሲታዘዝ ኤልዛቤል ገና በሕይወት ነበረች። የተነገረው የሚሄድበትና የሚሠራው ነው። እኒያ እናትም ልጁን ይዘው ሲወጡ እንደሚድን ያረጋገጠላቸው ሰው አልነበረም። ያን ዕለት መንገዱን ሙሉ አልቅሰዋል።

ኪኒኑ መቼ መቼ እንደሚዋጥ የተጻፈበትን ወረቀት ይዘው መጡ። እንድናነብላቸው መስሎን እጃችንን ዘረጋን። «ቆዩ» አሉና ወደ ፋኖሱ አስጠጉት። «ጠ... ዋ... ት።» ቀጥሎ «ማታ» የሚለውን አነበቡ።