ደሴቷን ያስተባበረ ፊልም

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ዛሬ አንድ ማኅበረሰብ የራሱን ችግር በራሱ አንደበት የተናገረባቸውን ፊልሞች እናነሳለን።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1967፣ ቦታው በካናዳ ኒውፋውንድላንድ የምትገኘው ፎጎ ደሴት ነው። ዓሣ ማስገሩ አላዋጣ ብሎ ነዋሪው ተቸግሯል። መንግሥት ደግሞ ሰዉ ደሴቷን ለቆ ሌላ ቦታ እንዲሰፍር ይፈልጋል። የደሴቷ መንደሮች በሃይማኖትና በርቀት ስለተለያዩ በአንድ ድምፅ መናገር አልቻሉም።

በዚህ መሀል የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ባለሙያ ኮሊን ሎው ከሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ከ20 በላይ አጫጭር ፊልሞች ቀረጸ። አሠራሩ ለየት ያለ ነበር፤ የተቀረጸው ሰው ፊልሙን አስቀድሞ ያያል፤ ያልወደደውን ያስወጣል። ከዚያ ፊልሙ በየመንደሩ አዳራሽ ይታያል፤ ውይይትም ይከተላል። ፊት ለፊት መነጋገር የከበዳቸው ጎረቤቶች በፊልም ተደማመጡ። ፊልሞቹ ለባለሥልጣናትም ታዩ፤ የዓሣ ሀብት ሚኒስትሩም መልሳቸውን በፊልም ሰጡ።

ውጤቱስ? ነዋሪዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ ትልልቅ ጀልባዎች ሠሩ፤ ደሴታቸውንም አልለቀቁም። ይህ የሆነው ግን በፊልሞቹ ብቻ አይደለም፤ ሰዎቹ ተደራጅተው ስለሠሩ ጭምር ነው።

ዛሬ ካሜራ በየስልካችን አለ። ስለ ውኃ እጥረት፣ ስለ ሥራ አጥነት ወይም ስለ ልጃገረዶች ትምህርት ፊልም ለመሥራት የምታስቡ ወጣቶች፣ ከፎጎ ይህን ውሰዱ፦ ባለጉዳዩን አስፈቅዱ፣ ከሁሉ በፊት ለእሱ አሳዩ፣ ፊልሙ ካለቀ በኋላም ተመልካቹን አወያዩ።