ሁለት ሴንሰር፣ ሁለት ቁጥር
(ነቀምቴ ላይ በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ በቆሎና ስለ ቺፕ እንናገራለን። ሁለቱን ምን አገናኛቸው የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እኛም አምና እንዲሁ ብለን ነበር።

እንደምታውቁት በቆሎ በኅዳርና በታኅሣሥ ስንሰበስብ ዋጋው ይወርዳል፣ ክረምት ሲገባ ይወደዳል። መጋዘን የተከራየነውም ያ ልዩነት በነጋዴ እጅ እንዳይቀር ነው። የወለጋ ዝናብ ግን የዋዛ አይደለም፤ በቆሎ ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። የመጋዘኑ አየር እርጥበት ከ70 በመቶ አልፎ ከቆየ ሻጋታ ይጀምራል። ስለዚህ በእርዳታ ያገኘናቸውን ሁለት የእርጥበት ሴንሰሮች ሰቀልን። አንዱ 69 አለ፣ ሌላው 76። አንዱ "ቆዩ" ሲለን ሌላው "ቶሎ ሽጡ" ይለናል።

የቱን አመንን? ደስ የሚለንን። ስምንት ኩንታል ሻገተብን። ለከብት እንኳ አልሰጠነውም፤ የሻጋታው መርዝ፣ አፍላቶክሲን የሚባለው፣ በላሟ በኩል ወተት ውስጥ ይገባልና። ከባለቤቶቹ ሁለቱ የልጆቻቸውን የትምህርት ቤት ወጪ በዚያ በቆሎ አስበው ነበር። በዚያ ስብሰባ የተባባልነውን እዚህ አንደግመውም።

ከአባሎቻችን የአንዷ ልጅ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ታጠናለች። መጥታ መሣሪያውን ፈታ አሳየችን። ዋናው ነገር ከምስር ፍሬ ያነሰ ነው። በውስጡ ሁለት ስስ የብረት ንጣፎች አሉ፤ ከጎናቸው እርጥበት የሚመጥ፣ ፕላስቲክ መሰል ስስ ሽፋን አለ። ሽፋኑ እርጥበት ሲጠጣ ንጣፎቹ የሚይዙት ኤሌክትሪክ ይጨምራል። ጭማሪው ግን እጅግ ጥቂት ስለሆነ በረጅም ሽቦ ቢላክ በመንገድ ይዋጣል። ስለዚህ ነዳፊዎቹ ምልክቱን የሚያጎላውንም ወደ ቁጥር የሚቀይረውንም ሰርኪዩት እዚያው አጠገቡ፣ አንድ ቺፕ ላይ ያደርጉታል። ሙቀት የሚለካም ይጨምሩበታል። ቺፑ ያለ ዕረፍት ቢሠራ ራሱ ይሞቅና ዙሪያው ከእውነቱ ይልቅ ደረቅ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ለቅጽበት ነቅቶ፣ ለክቶ፣ መልሶ እንዲተኛ ይነደፋል። እዚህ ላይ ሳቅን፤ ከእኛ መካከል እንዲህ ያለ ሥራ ያላት የለችም።

ሁለት ቺፕ ፍጹም አንድ ሆኖ አይወጣም። ፋብሪካው እያንዳንዱን ፈትኖ ማረሚያ ቁጥሩን በቺፑ ማስታወሻ ላይ ይጽፋል። ያ ቁጥር ግን የሚያገለግለው ሽፋኑ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ነው። 69 ያለን ሴንሰር የተሰቀለው ማድ ቤት በሚያዋስነው ግድግዳ ላይ ነበር። ጭሱ ሳያበላሸው አልቀረም አለች ልጅቷ። ሽፋኑን አሙቆ የሚያደርቅ ማሞቂያ አብሮ የሚነደፍባቸው ቺፖች አሉ፤ የእኛ የለውም። የነደፈው ሰው የወለጋን ማድ ቤት ከየት አይቶት!

ታዲያ ያየ ሰው ቢነድፈውስ? አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ከመታወቋ በፊት አፕል ውስጥ የድምፅ ሰርኪዩት ትሠራ ነበር። ቺፕ ማምረት ትልቅ ፋብሪካ ይጠይቃል፤ መንደፍ ግን የኮምፒዩተር ሥራ ነው። ስካይዋተር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ከጉግል ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2020 የንድፍ ደንቡን ለማንም በነፃ ከፍቷል። ስለዚህ ደጋፊዎቻችን፣ በሚመጣው ዓመት አሥር ሴንሰር ልትገዙልን ካሰባችሁ፣ ሦስት ግዙልንና በቀረው ልጆቻችን ንድፍ የሚማሩበት ኮምፒዩተር አድርጉልን።

እስከዚያው የምንሠራው ይህ ነው፤ እሱንም ያስተማረችን ልጅቷ ናት። የወጥ ቤት ጨው በብልቃጥ አድርጉ፣ እንደ ወፍራም ሊጥ እስኪሆን በጥቂት ውኃ አርጥቡት። ሴንሰሩን ጨው ሳይነካው ከላይ አንጠልጥሉና ክዳኑን ግጠሙ። ሲያድር በውስጡ ያለው አየር ወደ 75 በመቶ ይጠጋል፤ ጨው እዚህም ሌላ አገርም ያው ነው። የእኛዎቹን ስንፈትን አንዱ 74 አለ። ያ ያመንነው 67።

ብልቃጡ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሰፊ ነው። ከጊምቢና ከአርጆ ሴንሰር ይዛችሁ የመጣችሁ እኅቶች ዛሬ ማታ አስገቡት። ነገ ጠዋት፣ ቡናው ሳይፈላ፣ አብረን እናነበዋለን።